እንጀራ ቤቱ የት ነበር?
ከካራቆሬ እስከ ታላቁ ቤተ መንግሥት



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ «የአዲስ አበባውን ጉዞ ጻፉልን» ተብለን ቃል ገብተን ነበር። ዘግይተንም ቢሆን እነሆ። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ለጋሾቻችን እንዲያውቁት አንድ ነገር እንናገር። የጉዞው ወጪ በሙሉ ከራሳችን ዕቁብ የወጣ ነው፤ ለሥራ ከተሰጠን ርዳታ አንድ ሳንቲም አልተነካም። ከመካከላችን «ቤተ መንግሥት ማየት ለእኛ ምን ይፈይዳል? ያው ድንጋይ ነው፤ በገንዘቡ በርበሬ እንግዛበት» ብለው የተከራከሩ እህቶች ነበሩ። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል። በመጨረሻ በርበሬውን የመረጡት እዚሁ ቀርተው ሥራውን ይዘው ሲጠብቁን፣ ሌሎቻችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተሳፈርን።

ከካራቆሬ አጣዬ፣ ከአጣዬ ሰንበቴ፣ ጀውሃ፣ ሸዋሮቢት እስክንደርስ ድረስ መስኮት ከፍተን ነው የሄድነው። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ጣርማበር ስንወጣ ግን ሁላችንም ነጠላና ሻርፓችንን ተጠቀለልን። የቆላ ሰው ጣርማበርን ሲያልፍ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። በዋሻው ውስጥ ስናልፍ በዕድሜ የሁላችን እናት የሆኑት እማማ «ይህን ጣልያን ሳይሠራው በፊት እህል ሁሉ በአህያና በሰው ጀርባ ነበር ወደ ላይ የሚወጣው» አሉ። ያን ጊዜ ቃላቸውን ልብ ብለን አልሰማነውም ነበር። በኋላ ተመልሰንበታል።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በልተን ስንነሣ ወደ አንኮበር የሚታጠፈውን መንገድ አየነው። ስለ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ለመናገር ከዚያ መታጠፊያ መጀመር የሚገባ ይመስለናል። የሸዋ ነገሥታት ግቢ ለረጅም ጊዜ አንኮበር ነበር። አንኮበር የእኛን የይፋትን ቆላ ቁልቁል የሚያይ የገደል አፋፍ ነው። ከሥሩ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የአሞሌ ጨው፣ የጥጥና የቡና መገናኛ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበርና ከአንጎለላ ሆነው ሸዋን ገዙ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ፤ ልጅ ሳሉ በዐፄ ቴዎድሮስ ተወስደው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ተመለሱ። ከዚያም ግቢያቸውን ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ እያዛወሩ ወደ ደቡብ ሄዱ። ስለዚህ ሰዎች «የአዲስ አበባው ግቢ» የሚሉት በእኛ አካባቢ የተጀመረ ነገር ቀጣይ ነው። እንዲያውም ከሸዋ ነገሥታት ብዙ ቀድሞ፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ ይፋት የራሷ ሱልጣኖች፣ የወላስማዎች፣ መንግሥት ነበረች። ይህን ስናወራ አንዲት የአርጎባ ተወላጅ እህታችን «እኛማ ከእናንተ በፊት ነው ቤተ መንግሥት ያየነው» ብላ አውቶቡሱን በሳቅ ሞላችው።

እንጦጦ ላይ ብርዱ የበዛ፣ እንጨትም ያለቀ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍልውሃ እየወረዱ ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ግቢው ከፍልውሃው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ተሠራ። ዛሬ ታላቁ ቤተ መንግሥት የምንለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱን የገዛ ሁሉ በዚህ ግቢ በሆነ መንገድ አልፏል፤ ዐፄ ምኒልክ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ። ለመቶ ዓመት ያህል ተራ ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራው ቦታ ነበር። ታድሶ «አንድነት ፓርክ» በሚል ስም ለሕዝብ የተከፈተው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

በበሩ ፍተሻ ስናልፍ እማማ መቀነታቸውን ሦስት ጊዜ ፈትተው አሰሩ። «እናቴ የዚህን ቤት ስም ስትጠራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር» አሉን።

በመጀመሪያ የገባነው ወደ አትክልቱ ነው። ስለ አትክልቱ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ውሃው፣ ሣሩ፣ የክልሎቹ ማሳያ ቤቶች፣ ጥቁር ጎፈሬ አንበሶቹ። ልጆች ያሏቸው እህቶች አንበሶቹ ዘንድ ቀሩ። እኛ የቆየነው ከአገር በቀል ዛፎቹ ዘንድ ነው። ሌሎች ጎብኚዎች ዛፉ ሥር ፎቶ ይነሣሉ፤ እኛ ዛፉን እያየን ሙያውን መቁጠር ጀመርን። ወይራ ጋንና ቅል ማጠኛ ነው፤ ወይራ ያልታጠነ ጋን ጠላውን አያጣፍጥም። ዋንዛ ለገበታና ለበርጩማ። ጽድ ለቤት ምሰሶ። ኮሶ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሳቅን እንጂ ስለ እሱ ብዙ አላወራንም። የምታስጎበኘን ወጣት «እናንተ ናችሁ የምታስጎበኙኝ» አለችን። ጨዋ ልጅ ናት።

ከዚያ ወደ ግብር አዳራሹ ገባን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የተነሣው እዚያ ነው።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ውስጡ ሲቆሙ ግን ድምፅ ራሱ የሚጠፋበት ነው። ዐፄ ምኒልክ ግብር የሚያበሉት እዚህ ነበር። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከመጋረጃ ውስጥ ከታላላቅ መኳንንትና ከካህናት ጋር ይመገባሉ። እነሱ ሲያበቁ መጋረጃው ይገለጣል፤ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ወታደሩና ባለሙያው በማዕረጉ ተራ እየገባ ይቀመጣል። አንዱ ወገን በልቶ ሲነሣ ሌላው ይገባል። ሥጋው በእንጨት ተሰቅሎ በሁለት ሰው ትከሻ በረድፍ ያልፋል፤ ተመጋቢው በቢላዋው እየቆረጠ ይወስዳል። ጠጅ በዋንጫና በብርሌ ይዞራል። በአንድ ቀን የሚበላው ሰው በሺህ የሚቆጠር ነበር። ግብር ምግብ ብቻ እንዳልነበረም አስጎብኛችን ነገረችን፤ ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ጮማው እንደሚደርሰው የሚታይበት የመንግሥት ሥራ ነው። ንጉሡ ሰውን የሚይዘው በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በእንጀራም ነበር። «እንጀራው የወጣለት ሰው» የምንለው ከንቱ አነጋገር አይደለም።

አንዲት እህታችን ቀስ ብላ «እኛስ እዚህ እንበላ ነበር?» አለች። ሙስሊም ናት። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አይገናኝም በሚባልበት ዘመን መልሱ ቀላል አልነበረም። አብረናት የቆምን ክርስቲያኖቹ «እኛም ሴቶች ነን፤ ከወታደሩ ኋላ ነበርን» አልናት። ያን ጊዜ ነው እማማ ለአስጎብኛችን ጥያቄውን ያቀረቡት።

«ልጄ፣ እንጀራ ቤቱስ የት ነበር?»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው እንደማይጠይቃት ተናገረች። ግቢው በዘመኑ አንድ ከተማ ያህል እንደነበረ፣ በውስጡም ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ የአንጥረኞችና የሰፊዎች ቤት ሁሉ እንደነበረ፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩት አብዛኞቹ ግን ዛሬ እንደሌሉ አስረዳችን። መልሷ ትክክል ነው። የድንጋዩ ቤት ይቀራል፤ የጭቃው ቤት ይፈርሳል። በጭቃው ቤት ውስጥ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ግን እኛ እናውቃለን።

ሰው ያላየውን ነገር በሚያውቀው ሙያ ይለካዋል። እኛም ከአዳራሹ ወጥተን ሣሩ ዳር ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። ማኅበራችን ለሠርግና ለተዝካር እንጀራ እንደሚያቀርብ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ልኩ በእጃችን ነው። አምስት ሺህ ሰው በላ እንበል። ለአንድ ሰው ሦስት እንጀራ ቢደርስ 15,000 እንጀራ ነው። በእንጨት ምጣድ አንዲት ሠልጣና ጋጋሪ በሰዓት 20 እንጀራ ታወጣለች፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳትቀመጥ ብትጋግር 160። ስለዚህ ለአንድ ቀን ግብር 94 ጋጋሪ ያስፈልጋል። ከአንድ ኪሎ ጤፍ አምስት ትልልቅ እንጀራ ይወጣል ብንል 30 ኩንታል ዱቄት ነው። ሞተር ወፍጮ የለም፤ ሁሉም በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። እናቶቻችን እንደነገሩን አንዲት ሴት ከሌሊት ጀምራ እስከ ረፋድ ብትፈጭ ከ10 ኪሎ አያልፍላትም። ስለዚህ 300 ፈጪ። ወጡ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ጠጁ፣ ጠላው ገና አልተቆጠረም። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። እጁ ሊጥ የነካ ሰው ግን ከዚህ ብዙ ዝቅ ያደርገዋል ብለን አናምንም።

ውሃውስ? ለሊጡ፣ ለጠላው፣ ለዕቃው ማጠቢያ የሚሆነው ውሃ ሁሉ በእንስራ በሴት ጀርባ ነበር የሚወጣው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን የሥልጣኔ ምልክት አድርገው ያወሱታል፤ ልክ ነው። ለውሃ ቀጂዋ ግን ከዚያ በላይ ነበር፤ ጀርባዋ ነው ያረፈው። እኛ ሰፈር ቦኖ የገባ ዕለት የሆነውን የምታስታውሱ ትረዱናላችሁ።

የማገዶውም ነገር እንዲሁ ነው። ግቢውና ከተማው በአንድ ላይ ደኑን ጨረሱት፤ ምኒልክ ከተማውን ለቅቀው ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወሩ አስበው እንደነበር ይነገራል። ያዳነው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ከመጣ በኋላ ግን እንጨቱን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱ ሴቶች ለብዙ ትውልድ የአዲስ አበባ መንገድ መታወቂያ ሆኑ። ከነሱ አንዳንዶቹ በኋላ እንደኛው በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ጥለው ሽመና ይዘዋል። ይህን የሰማነው ማታ ያሳደሩን ዘመዶቻችን ዘንድ ነው፤ ሁለት ነጠላም ገዝተን መጣን።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር እንግባ። እነዚህ ሴቶች እነማን ነበሩ? ከፊሎቹ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የጠጅና የወጥ ሙያቸው የተከበረ፣ መሬትና ቀለብ የተቆረጠላቸው። ከፊሎቹ ግን ባሪያዎች ነበሩ። በቤተ መንግሥቱም በመኳንንቱም ቤት ወፍጮው ላይ የሚያድሩት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት ብዙዎቹ በጦርነት የተማረኩ ወይም የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያንን ብዙዎቻችን አግኝተናል። ይህን ስንጽፍ እጃችን ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ስለ ዐድዋው ንጉሥ ቤት እንዲህ ተብሎ ይጻፋል ወይ ያሉን ነበሩ። ምኒልክን እንወዳለን፤ ጣይቱንም እንወዳለን። ነገር ግን አሜሪካኖችም የፕሬዝዳንታቸውን መኖሪያ ዋይት ሀውስን በ1792 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሥራት ሲጀምሩ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ባሪያዎች እንደነበሩ ዛሬ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ቤታቸው ስለተናገሩት አልፈረሰም።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ እኛ ነን፤ ማለት የእኛ አያቶች። አዳራሹ የበላውን ያመጣው ገባሩ ነው። ጤፉ፣ ማሩ፣ በጉ፣ ቅቤው፣ ማገዶው ከየአገሩ ለመልከኛውና ለግቢው ይገባ ነበር። ከገባሩ ግዴታዎች አንዱ ፍጭት ይባላል፤ የገባሩ ሚስት ለመልከኛው ቤት የታዘዘውን እህል ፈጭታ ዱቄቱን ታስረክባለች። ሰነድ ላይ የሚጻፈው የባልየው ስም ነው፤ ወፍጮው ላይ የምትጎነበሰው ሚስቲቱ። የይፋት ቆላ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል፤ ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት። ታዲያ የአንኮበሩም ሆነ የአዲስ አበባው አዳራሽ ስንት የእኛ ሰው እጅ እንዳረፈበት ማን ቆጠረው?

ስለ እቴጌ ጣይቱ ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ ነውር ነው። ጣይቱን በዐድዋ ጦርነት እናውቃቸዋለን፤ መቀሌ ላይ የጠላትን ውሃ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ለእኛ ግን ሌላም ነገራቸው ይገርመናል። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እሳቸው ያዘጋጁትን የብዙ ቀን ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ወጡን በየዓይነቱ እየቆጠሩ ጽፈውታል። በነገሥታት ታሪክ ውስጥ ወጥ በዓይነቱ ሲዘረዘር ማየት ብርቅ ነው። እቴጌዋ ያን ሁሉ ጓዳ አዝዘው፣ ለክተው፣ አስማምተው ያስፈጸሙ ናቸው። የአምስት መቶ ሰው ሠርግ ያስተናገደች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያውን ሆቴል ከፈቱ፤ የእንጀራ ሙያ በገንዘብ የሚሸጥ ሥራ መሆኑን ካሳዩት ቀዳሚዋ እሳቸው ናቸው ብንል አንሳሳትም። ከዚያ ታላቅ ድግስ በኋላ ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ረሃቡ አገሩን ጨረሰው። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሰው በእጁ እንዲያርስ አበረታቱ፤ ግቢውም ለተራበው እህል አከፋፈለ። ግብር ያበላ ጓዳ ያን ጊዜ ነፍስ አዳነ። በዘመናችን ርዳታ የተቀበለ ሰው ይህንን ቀላል አድርጎ አያየውም።

ሌላውን በፍጥነት እናልፋለን። የምኒልክን መኖሪያ፣ እንቁላል ቤት የሚባለውን ማማ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዙፋን ቤት ከነሰም ምስላቸው አየን። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ነግሠው እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ የነገሡት በዚህ ግቢ ነው፤ ለአባታቸው ያሠሩት የበዓታ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ዐጠገቡ ነው፤ ምኒልክም ጣይቱም ዘውዲቱም እዚያ ዐርፈዋል። ከዙፋን ቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ስንወርድ ግን ማንም አልተናገረም። ደርግ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. የንጉሡን ሹማምንት ያሰረው እዚያ ነበር። ከነሱ ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ወህኒ ቤት ተወስደው ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ ግቢ ታስረው ሳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዐጽማቸው ከግቢው መሬት ሥር የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ላይ ዙፋን፣ ታች እስር ቤት፤ በአንድ ጣሪያ ሥር። እማማ ደረጃውን ሲወጡ «ለነዚያስ ስንቅ የምታመላልሰው ሚስት አልነበረችም?» አሉ። እንደገና ወደ እንጀራው መለሱን።

በ1980 ዓ.ም. መባቻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፕሬዝዳንት ተብለው በዚሁ ግቢ ተቀመጡ፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ለቅቀው ሄዱ፤ ግንቦት 20 ንጋት ላይ ግቢው በታንክ ተያዘ።

ከዚያ ወዲህ የነበሩት ፕሬዝዳንቶች ይኖሩ የነበሩት ከታች፣ ከፍልውሃው ጎን ባለው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው። ይህኛው በ1948 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ ዓመት የተሠራ ሲሆን ድሮ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል ነበር። ንጉሡ መኖሪያቸውን ያደረጉት በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ነው፤ ደም የፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው ወጡ። 1953 ዓ.ም. ለእኛም የማይረሳ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ማጀቴን አፈረሰ፤ የእኛንም ከተማ ብዙ ቤት ጣለ። ንጉሡ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወሩ የካራቆሬ ሰው ሜዳ ላይ ያድር ነበር። የከተማችን ስም በሳይንስ መጻሕፍት የገባውም በዚያ ነው፤ ምነው በሌላ በገባ።

ከብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በትንሽዬ ቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ከ44 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ስድስት ዓመት ያህልም በሥልጣኑ ላይ ቆዩ። ግቢው ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ለጎብኚ ተከፍቷል። እኛ በዚያ ቀን ጊዜ አጥሮን አጥሩን ከመንገድ ማዶ አይተን ነው ያለፍነው። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቁብ ምክንያት አገኘን።

ሲመሽ ደክሞን ተቀምጠን አንዷ እህታችን ያለችውን መጻፍ አለብን፤ ጉዞውን በመጀመሪያ የተቃወመችው እሷ ነበረች፤ በመጨረሻው ሰዓት ነው የመጣችው። «እነዚህ ለአንድ በር ስንት ባለሙያ ቀጥረው አድሰውታል፤ የእኔ ቤት የተቃጠለ ዕለት ምጣዴን እንኳ አላወጣሁም» አለች። በ2013 ዓ.ም. በከተማችንና በአጣዬ የደረሰውን ታውቃላችሁ፤ እዚህ አንዘረዝረውም። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ እማማ «ምጣድሽ ከማን ነበር?» ብለው ጠየቋት። «ከእናቴ፤ እሷም ከእናቷ።» «እንግዲያው ቢያንስ ስማቸውን ንገሪን» አሏት። ነገረችን። አንዷ ልጃችን የትምህርት ቤት ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ደብተሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

በማግሥቱ ስንመለስ ጣርማበር ዋሻ ዘንድ ስንደርስ እማማ የራሳቸውን ጨመሩ። አያታቸው ለመልከኛው ቤት ፍጭት የምትፈጭ ሴት ነበረች። እህሉ በቁና ተሰፍሮ ይሰጣታል፤ ዱቄቱ ሲመለስ እንደገና ይሰፈራል፤ ከጎደለ ከራሷ ጎተራ ትሞላለች። ስለዚህ ስትፈጭ ነፋስ እንዳይወስድባት በር ዘግታ በጨለማ ትፈጭ ነበር። ዓይኗ የደከመው ከዚያ ነው ይባላል። ዱቄቱ በአህያ ተጭኖ ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ይሄዳል፤ የት እንደሚደርስ አታውቅም። አንኮበር ይሁን፣ አዲስ አበባ ይሁን፣ አንድም ቀን ተከትላው አልሄደችም።

ደብተሩ እስካሁን 14 ገጽ ሆኗል። የፈጪዎች፣ የጋጋሪዎች፣ የጠማቂዎች፣ የፈታዮች ስም ነው ያለበት፤ ከስሙ ሥር የት እንደኖሩና ምን ሙያ እንደነበራቸው አንድ ሁለት መስመር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ምጣድ ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። ስም ያላት እህት መጥታ ታጽፍ፤ መጻፍ የምትችል ልጅ ያላትም ልጇን ይዛ ትምጣ፤ የኛይቱ ጸሐፊ ፈተና ስለደረሰባት ለሁለት ሳምንት አትገኝም።